ቅቤና አፍንጫ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ከዋሽንግተን መጥታ እኛ ቤት ሦስት ሳምንት ሰነበተች። ሻንጣዋ ሲከፈት ለአያቷ ያመጣችው ስጦታ ወጣ። ወርቃማ ክዳን ያላት፣ ዙሪያዋን በእንግሊዝኛ የተጻፈባት ትንሽ ዕቃ ናት። እናቴ 84 ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ ደክሟል፣ አፍንጫዋ ግን እንደ ጥንቱ ነው። ክዳኑን ከፈተች፣ አሸተተች፣ ደግማ አሸተተች።

«ይሄ ቅቤ ሞቷል» አለች።

«የላም ቅቤ አይደለም እኮ እማማ። ሺያ ነው የሚባለው። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ካለ ዛፍ ፍሬ ነው የሚወጣው። ተፈጥሯዊ ነው፣ መቶ በመቶ።»

«ላም የለበትም?»

«የለበትም።»

«እንግዲያው ምኑ ነው ቅቤ የሚያሰኘው?»

ልጅቱ አሜሪካ ብታድግም እልኳ የእኛው ቤት እልኽ ነው። አያቷ በየአሥራ አምስት ቀኑ አናቷ ላይ የምታደርገው ለጋ ቅቤ ፀጉር እንደማያለሰልስ፣ ከላይ ተቀምጦ እንደሚቀርና ወደ ውስጥ እንደማይገባ አስረዳች። በመጨረሻም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይሸታል ደግሞ» አለች። እናቴ መልስ ከመስጠት ይልቅ ሻሿን ፈታች። ነጭ ሹሩባዋ እስከ ትከሻዋ ወረደ። «ይኸው የኔ። የእናትሽን አሳዪኝ» አለቻት። የእህቴ ፀጉር ከሳሳ ሰንብቷል፤ በዊግ ነው የምትወጣው። ልጅቱ ዝም አለች። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ አስተማሪ አልነበርሽ? ፍረጂያ!» አለችኝ እናቴ።

ያን ቀን ሻይ ላፍላ ብዬ ወጣሁ። አሁን ግን ልሞክር። በቅድሚያ መናገር ያለብኝ፣ በዚህ ጉዳይ ዳኛ ለመሆን የምመች ሰው አለመሆኔን ነው። ስለ ቅቤ አንድ ጊዜ ፈርጄ አውቃለሁ፤ ፍርዴም የተጣመመ ነበር። እዚያ ላይ እደርሳለሁ። መጀመሪያ ግን ክርክሩ ከኛ ሳሎን ብዙ የራቀ ዕድሜ ስላለው፣ ከሥሩ እንያዘው።

ከክርስቶስ ልደት ቀደም ብሎ ተወልዶ ከልደት በኋላ የሞተው ግሪካዊው የጂኦግራፊ ጸሐፊ ስትራቦን፣ «ኢትዮጵያውያን» በወይራ ዘይት ፈንታ ቅቤና ሞራ ይጠቀማሉ ብሎ ጽፏል። (የስትራቦን ኢትዮጵያውያን በዛሬዋ ሱዳን የነበሩት የሜሮዌ ሰዎች ናቸው። እኛ በስሙ ምክንያት የነሱን ክብር ስንካፈል ኖረናል፤ ቅቤውንም አብረን ብንወስድ ፍትሐዊ ነው።) ዓረፍተ ነገሩ እንዲሁ ሲያዩት መረጃ ይመስላል። ለግሪክ ሰው ግን የወይራ ዘይት መብሉ ነው፣ መብራቱ ነው፣ ከስፖርትና ከመታጠቢያ ቤት የማይለየው የገላ ቅባቱ ነው። ዘይት የሚቀባ የሠለጠነ ነው፤ ቅቤ የሚቀባ ደግሞ ከበር ውጭ ያለ ነው። ከዚያው ዘመን ብዙም ያልራቀው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መጽሐፍ ወደ አዱሊስ ወደብ የሚገቡ ሸቀጦችን ሲቆጥር ወይንና የወይራ ዘይት ይጠቅሳል፤ ሁለቱም ግን ብዙ አይደሉም ይላል። ያው መጽሐፍ ከሕንድ ወደቦች ወደ ሶማሌ ጠረፍ ቅቤና የሰሊጥ ዘይት በመርከብ ይሄድ እንደነበር ይነግረናል። እንግዲህ የቅባቱ ካርታ ይህ ነው። ወይራ ያለው ወይራውን፣ ሰሊጥ ያለው ሰሊጡን፣ ከብት ያለው ቅቤውን ይቀባል። በዚህ ውስጥ የሥልጣኔ ምልክት እኔ አይታየኝም።

ከሁሉ የምወደው ግን ፕሉታርክ የጻፋትን አጭር ወግ ነው። አንዲት የስፓርታ ሴት፣ የገላትያው ንጉሥ የዴዮታሩስ ሚስት የሆነችውን ቤሬኒኬን ልትጎበኝ ሄደች አሉ። ሁለቱ ሴቶች ተቀራርበው ገና ሰላም ሳይባባሉ፣ ሁለቱም ፊታቸውን አዞሩ። አንዷን ያስጠላት የሌላዋ ሽቶ ነው፤ ሌላዋን ያስጠላት ደግሞ የወዲያኛዋ ቅቤ። ፕሉታርክ ወጉን ያመጣው ስለ ፀጉር ሊነግረን ብሎ አልነበረም። የስሜት ሕዋሳቶቻችን እውነትን ያሳዩናል ወይስ አያሳዩንም በሚል የፈላስፎች ሙግት መካከል ነው የሸጎጣት። እኔ ግን ከሙግቱ ይልቅ ሁለቱ ሴቶች ናቸው ዓይኔ ላይ የሚቀሩት። ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለው ምን አወሩ ይሆን?

ታሪኩ የአፍሪካ ወይም የምሥራቅ ብቻ እንዳይመስለን ደግሞ አውሮፓ እንሂድ። በ5ኛው ክፍለ ዘመን የዛሬዋ ፈረንሳይ ውስጥ ይኖር የነበረውና ኋላ ጳጳስ የሆነው ባለቅኔው ሲዶንዮስ፣ ወዳጁ የሠርግ ግጥም ጻፍልኝ ቢለው አልችልም ብሎ መለሰለት። ምክንያቱ ቤቱ አጠገብ የሰፈሩት የቡርጉንድ ወታደሮች ናቸው። ረጃጅም ናቸው፣ ይጮኻሉ፣ ፀጉራቸውን የኮመጠጠ ቅቤ ይቀባሉ፤ በዚህ ሽታ መካከል እንዴት ግጥም ይመጣልኛል ነው ነገሩ። ዛሬ ውድ ወይን የሚጠመቅበት የፈረንሳይ አውራጃ ቡርጎኝ ስሙን ያገኘው ከእነዚሁ ቅቤ ቀቢዎች ነው። (ግጥም ለማስረከብ ቀን ያለፈባቸው ተማሪዎቼ ብዙ ሰበብ አቅርበውልኛል። የጎረቤት ቅቤ ያቀረበ ግን አልነበረም።)

ስለ ሽታ ይህን ያህል ተጽፎ፣ ቅቤው ለነዚያ ወታደሮች ፀጉር ምን አደረገለት ብሎ የጠየቀ የለም። ስትራቦን አልጠየቀም፣ ሲዶንዮስ አልጠየቀም። ሁሉም የፈረዱት በአፍንጫ ነው።

በራሱ አናት ላይ የሞከረው፣ እኔ ካነበብኳቸው የውጭ ጸሐፊዎች መካከል፣ እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ ነው። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. ትግራይ ውስጥ ወደ ሦስት ዓመት ያህል ኖሯል። እንደ አገሬው ለብሶ፣ በባዶ እግሩ ሄዶ፣ ፀጉሩን ተሠርቶ ነው የኖረው። በ1853 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ ባርኔጣ እንዳልነበረውና ሲያገኝ አናቱ ላይ ከሚያደርጋት ቅቤ በቀር ራሱን በምንም እንደማይሸፍን ይናገራል። ሰውዬው ቀልደኛ ስለሆነ ሁሉን እንዳለ መዋጥ አያስፈልግም። ነገር ግን «ሲያገኝ» የምትለዋ ቃል ታሳዝነኛለች። ቅቤ ያን ጊዜም እንደልብ አልነበረም ማለት ነው።

ስለ ግብፅም ልጨምር፤ ወደ ጉዳዬ የሚያደርስ ነገር አለው። በጥንታዊ የግብፅ ሥዕሎች ላይ ግብዣ የተቀመጡ ሰዎች አናታቸው ላይ እንደ እንጎቻ ወይም እንደ ሾጣጣ ነገር ተደርጎ ይታያል። ብዙ ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ የሰጡት ግምት፣ ይህ ሽቶ የተቀላቀለበት ሞራ ነው፤ ቀስ እያለ ቀልጦ ፀጉር ላይ ይወርዳል የሚል ነበር። የኛን እናቶች ያየ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። በ2019 እ.ኤ.አ. ታትሞ የወጣ ጥናት ግን በአማርና መቃብር ሁለት አጽሞች ላይ የተገኘው ሾጣጣ ከሰም የተሠራ መሆኑን አሳየ። ፀጉሩ ላይ ቀልጦ የወረደ ነገርም አልተገኘም። በሌላ በኩል ደግሞ በ2011 እ.ኤ.አ. የማንቸስተር ተመራማሪዎች የ18 ግብፃውያን አስከሬኖችን ፀጉር መርምረው የዘጠኙ ፀጉር ቅባት ተለብጦ አገኙት፤ ፀጉሩን እንደተሠራ ይዞ ለማቆየት ሳይሆን አይቀርም አሉ። ቅባት ይኖርበታል የተባለው ቦታ አልነበረበትም፣ ያልተጠበቀው ቦታ ተገኘ። ሁለቱም የታወቁት አንድ ሰው ፀጉሩን ራሱን ስላየው ነው።

ወደ እኛ ልመለስ። በኛ ዘንድ ፀጉር ንግግር ነበር። ቁንጮና ጋሜ የልጅነት ነው፣ ሳዱላ ያላገባች ልጃገረድ ነው፣ ጎፈሬ የዘማች ነው፣ ሹሩባ ደግሞ የእመቤትም የንጉሥም ነው። ዐፄ ቴዎድሮስን ያለ ሹሩባቸው የሚያስባቸው የለም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሰዉ በኋላ ከፀጉራቸው ተቆርጦ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። ለንደን የሚገኘው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ሁለቱን ቁራጭ ጉንጉን ለኢትዮጵያ የመለሰው መጋቢት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። ከ150 ዓመት በላይ በባዕድ ሣጥን የቆየ የእጅ መዳፍ የማይሞላ ፀጉር፣ ሰው ዕንባ እየተናነቀው ተቀበለው። ቅቤ ነበረበት ብዬ አልምልም። ሹሩባ የሚሠራ እጅ ግን ያለ ቅባት እንደማይሠራ ማንኛዋም ሹሩባ ሠሪ ትነግራችኋለች።

ቅቤውም ቢሆን የራሱ ሥርዓት ነበረው። ለአናት የሚሆነው ለጋው ነው፤ በሳሉ ለወጥ ይሄዳል። ደርቆ የተወቀጠ አደስ ይጨመርበታል፣ መዓዛ እንዲሰጥ። አራስ ትቀባለች፣ ሙሽራ ትቀባለች፣ ግዳይ ጥሎ የተመለሰ አዳኝ አናቱ ላይ ይደረግለታል። የአፋር ጎረምሳ ለተጠቀለለ ፀጉሩ፣ የሐመር ሴት ከቀይ አፈር ጋር ለውሳ ለጉንጉኗ ይጠቀሙበታል። እናቴ በዐቢይ ጾም አትቀባም ነበር። የፋሲካ ዕለት ማለዳ ግን የመጀመሪያው የቅቤ ጉርሻ ወደ አፍ ሳይሆን ወደ አናት ነበር የሚሄደው። እኔና እህቴ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ቅቤው በጆሯችን ጀርባ ሲወርድ እየተንኮታኮትን እንስቅ ነበር። ከዚያ የበለጠ ደስታ ትዝ አይለኝም።

ታዲያ ይህ ነገር መቼ ነው የሚያሳፍር የሆነው? አዋጅ አልወጣበትም፣ የከለከለው መንግሥት የለም። ትምህርት ቤት፣ መሥሪያ ቤት፣ የከተማ አውቶቡስ ነው ያስወጡት። ሰው ከሰው ተጠጋግቶ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ስምንት ሰዓት መዋል ሲጀምር፣ ሜዳ ላይ መዓዛ የነበረው ሽታ ሆነ። ሜዳው የገበሬው፣ ክፍሉ የጸሐፊው ስለነበረ ደግሞ ሽታው አገር ቤትን መሽተት ሆነ። በቅቤው ምትክ የያዝነው ቫዝሊን ነው። ሮበርት ቼዝብሮ የተባለ አሜሪካዊ በ1872 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት፣ ከነዳጅ ጉድጓድ ዝቃጭ የተጣራ ቅባት ነው። ቫዝሊን ፀጉር ላይ ከላይ ከመቀመጥ በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ቅቤን የከሰስነው በዚሁ አልነበር? ነገር ግን አይሸትም። ነጻ ወጣ።

አሁን ስለ እኔ ፍርድ።

በ1992 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ሥነ ግጥም አስተምር ነበር። ስልሳ ያህል ናቸው፣ ክፍሉ ጠባብ ነው። ፊት ወንበር ላይ ከገጠር የመጣች ልጅ ተቀምጣለች። አዲስ ሹሩባ ተሠርታለች፣ ከቤት ስትወጣ እናቷ ቀብታት ይሆናል፣ ቅቤው ቀልጦ የሸሚዟን ኮሌታ አርሶታል። እኔ ያን ጊዜ ፀጉሬን በሪላክሰር አስተኝቼ፣ ሽቶ ነስንሼ፣ ጫማዬ ቋ ቋ እያለ ነው የምገባው። ጠመኔ እንዳነሳሁ ወደ እርሷ ሳላይ፣ «እስቲ መስኮቱን ክፈቱት፤ አየር እናግኝ» አልኩ። ከኋላ ሁለት ሦስት ልጆች ሳቁ። መስኮቱ ተከፈተ።

ከዚያ ወዲህ ያቺ ልጅ ፊት ወንበር አልተቀመጠችም። በሳምንቱ ሻሽ አስራ መጣች። ገና ሳይደርስ ፀጉሯን አጭር ተቆርጣ አየኋት። ሴሚስተሩ እስኪያልቅ አንድ ጊዜ እንኳ እጇን አላነሳችም። የፈተና ወረቀቷ ጥሩ ነበር፤ በጣም ጥሩ ነበር። አላነጋገርኳትም። ምን ብዬ? እኔ ራሴ ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስል፣ በዋዜማው ማታ የእናቴን ቅቤ ከራሴ ለማስለቀቅ በልብስ ሳሙና ሦስት ጊዜ ያሸሁ፣ የራሴ ቆዳ እስኪቃጠል የፈተግሁ ነኝ። ሽታውን ያወቅሁት ከማንም በፊት ለዚህ ነው።

ስለዚህ የእህቴ ልጅ «ይሸታል ደግሞ» ስትል ንግግሯን አውቀዋለሁ። ሳይንሱ ቀድሞ የተነገረ ቢሆንም የክርክሩ ልብ እርሱ ነበር። ሌላኛውም ወገን ግን አይድንም። ዛሬ በየፀጉር ቤቱ የሚሸጠው ጠርሙስ «ተፈጥሯዊ» የሚል ቃል ስላለበት ብቻ ይጠቅማል ብለን የምንገዛው እኮ የቀድሞውን ስህተት ገልብጠን ነው። ያኔ የገጠር ነው ብለን ጣልን፣ አሁን የተፈጥሮ ነው ብለን እናነሳለን። በሁለቱም ጊዜ ፀጉሩን ያየ የለም። እባብም ተፈጥሯዊ ነው።

ማየት ምን እንደሚመስል ያሳየን የራሳችን ሰው ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ተመለከተ። እንዶድ እንደ ሳሙና መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። እርሱ ግን ከማጠቢያው ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ወስዶ መረመረ፣ ደግሞ መረመረ፣ ለዓለም አሳወቀ። ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተቀብሏል። እንዶድን «የአባቶቻችን ነው» ብሎ አላመለከውም፣ «ኋላ ቀር ነው» ብሎም አልጣለውም። ውሃው ውስጥ ምን ሆነ? ይህን ነው የጠየቀው።

እኛም አናቱ ላይ ምን ሆነ እንበል።

የመጀመሪያው ነገር፣ ከራስ ቆዳ የወጣው ፀጉር የሞተ ነው። ሕይወት ያለው ከሥሩ፣ ከቆዳው በታች ነው። ስለዚህ በየማስታወቂያው የምንሰማው «ፀጉርን ይመግባል» የሚለው ግሥ ስህተት ነው፤ የቋንቋ ሰው ስለሆንኩ ይከነክነኛል። የሞተ አይበላም። ምግብ ከፈለግን ወደ ሥሩ የሚደርሰው በደም ነው፣ እርሱም የሚመጣው ከሰሃን ነው። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲሜትር ያህል ያድጋል፤ አናት ላይ የፈሰሰ ቅቤ ይህን ፍጥነት ሲለውጥ አልታየም። ታዲያ ለምንድን ነው ቅቤ የሚቀቡ ሴቶች ፀጉራቸው የሚረዝመው? ስለማይሰበር። በወር አንድ ሴንቲሜትር አድጎ በጫፉ አንድ ሴንቲሜትር የሚሰበር ፀጉር ዓመቱን ሙሉ እዚያው ይገኛል፤ ባለቤቱ «አላድግ አለኝ» ትላለች። የኛ ዓይነት የተጠቀለለ ፀጉር ደግሞ ቆዳችን የሚያመነጨው ወዝ ጠመዝማዛውን ተከትሎ እስከ ጫፍ ስለማይወርድለት ይደርቃል፤ በየመታጠፊያውም ይሰበራል። ቅባት እዚህ ነው ሥራው። ፀጉሩን ያሙለጨልጨዋል፣ ማበጠሪያ እንዳይጎትተው ያደርጋል፣ በታጠበ ቁጥር ውሃ ጠጥቶ ማበጡን ይቀንሳል። ሹሩባው ደግሞ ለሁለት ሳምንት ከማበጠሪያ ይገላግለዋል። እናቴ ቅቤውን የምታመሰግነው ግማሹን ለሹሩባው የሚገባውን ምስጋና ወስዳ ነው። (ሹሩባው ሲጠብቅ ግን የግንባር ፀጉር ከሥሩ ይነቀላል። ያን ቅቤም አያድነው፣ ሺያም አያድነው።)

ወደ ውስጥ ይገባል አይገባም የሚለው የልጅቱ ክርክር መሠረት አለው። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የታወቀ የሕንድ ጥናት የኮኮናት ዘይትን፣ የሱፍ ዘይትንና ከነዳጅ የሚጣራውን ዘይት አወዳድሮ፣ ፀጉር ሲታጠብና ሲበጠር የሚያጣውን ፕሮቲን በጉልህ የቀነሰው የኮኮናቱ ብቻ ነው አለ። ምክንያቱ ግማሽ ያህሉ ሎሪክ አሲድ የሚባል አጭርና ቀጥ ያለ ቅባት መሆኑ ነው፤ ፀጉር ውስጥ ሰርጎ ይገባል። ጥናቱን ያካሄዱት ሰዎች የሚሠሩት የኮኮናት ዘይት በሚሸጥ ኩባንያ መሆኑንም መናገር ተገቢ ነው። ይህ ውጤቱን ውሸት አያደርገውም፤ አንባቢን ግን ቀና ብሎ እንዲቀመጥ ያደርገዋል። ቅቤ በዚያ ሙከራ አልተጋበዘም። ከተሠራበት ነገር ተነስተን እንዳኘው ካልን፣ በቅቤ ቅባት ውስጥ ሎሪክ አሲድ ከመቶ ሦስት እጅ አካባቢ ነው፤ አብዛኛው ረጃጅሙ ዓይነት ቅባት ነው። ስለዚህ ልጅቱ «ከላይ ይቀመጣል» ማለቷ በአመዛኙ ትክክል ነው። ከላይ መቀመጥ ዋጋ የለውም ማለቷ ግን ልክ አይደለም። ያመጣችው ሺያም የተሠራው በአብዛኛው ከረጃጅሞቹ ነው፤ እርሱም ከላይ ነው የሚቀመጠው።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ። የጉሎ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ፀጉርን ይለብጣል፣ ያበራል፤ ያሳድጋል የሚለው ግን ከሻጩ አፍ እንጂ ከሙከራ አልመጣም። በቅርብ ጊዜ ሁሉ የሚያወራለት የጥብስ ቅጠል ዘይት በ2015 እ.ኤ.አ. ኢራን ውስጥ 100 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በስድስት ወር ከታወቀው የመላጣ መድኃኒት ከሚኖክሲዲል ጋር ተቀራረበ ተብሏል። ምንም ያልተቀባ ሦስተኛ ቡድን ግን አልነበረም። ሦስተኛ ተወዳዳሪ በሌለበት ሩጫ ሁለት ሰው እኩል ገባ ቢሉኝ፣ ሁለቱም ፈጣን ናቸው ወይስ ሁለቱም ቀርፋፋ ብዬ እጠይቃለሁ።

ሽታውስ? አፍንጫ ፈጽሞ ሐሰተኛ ምስክር ነው ማለቴ አይደለም። ቅቤ ሲቆይ ከቅባቱ ተላቀው የሚወጡ አጫጭር አሲዶች አሉ፤ ዋናው በራሱ በቅቤ የላቲን ስም የተጠራው ቢዩቲሪክ አሲድ ነው። አፍንጫ የሚለካው እርሱን ነው፤ ማለትም የቅቤውን ዕድሜ። ፀጉሩ ስለመሰበሩ የሚያውቀው ነገር የለም። ለጋው ለአናት፣ በሳሉ ለወጥ ያሉት እናቶች ይህን አሳምረው ያውቁት ነበር። በአንድ ነገር ግን እናቴ ትረታለች። ቅቤውን የራስ ቆዳዋ ላይ ታሸዋለች፣ ፎረፎር ሲያስቸግራት ደግሞ ትጨምራለች። ፎረፎርን የሚያባብሰው ማላሴዝያ የሚባለው የቆዳ ፈንገስ የሚኖረው በቅባት ነው። እሳቱን በቅቤ ታጠፋዋለች ማለት ነው። ለፀጉሩ ርዝመት እንጂ ለቆዳው አይሁን ብያታለሁ። አልሰማችኝም።

እኔ ስለተቀባሁት ሪላክሰርም ልናገር። አንዳንዱ ውስጡ ያለው የቧንቧ መክፈቻው ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ ፀጉርን የሚያስተኛው ፕሮቲኑን የያያዘውን ማሰሪያ እየበጠሰ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከ33 ሺህ በላይ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት፣ የፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል አዘውትረው በሚጠቀሙት ዘንድ የማሕፀን ካንሰር በዝቶ አግኝቷል። መብዛቱ ብቻውን ምክንያቱ እርሱ ነው ለማለት አይበቃም፤ ቢሆንም ቀላል ነገር አይደለም። ያን ቀን መስኮቱ መከፈት የነበረበት ለማን ሽታ እንደነበር አሁን አሁን ይገርመኛል።

ልጅቱ ከመሄዷ በፊት ሦስታችንም የምንስማማበት ነገር አገኘን። እኔ ካቆምኩት ሰንብቷል፣ ፀጉሬ የተፈጥሮው ነው። ቀኝ ጎኔን በእናቴ ቅቤ፣ ግራውን በልጅቱ ሺያ፣ መካከሉን ያለ ምንም ሆኜ አራት ሳምንት ቆየሁ። በየሳምንቱ ከታጠብኩ በኋላ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ነጭ ፎጣ ላይ አበጠርኩና የተሰበረውን ቆጠርኩ። በዋሽንግተንና በአዲስ አበባ መካከል ቁጥር በስልክ ይላላክ ነበር። መካከሉ ከሁሉም በላይ ተሰበረ። ቅቤውና ሺያው በአንድ ሳምንት ይህ፣ በሌላ ሳምንት ያ ይበልጥ ነበር፤ ልዩነታቸው ይህ ነው የሚባል አይደለም። የአንድ ሴት አናት ጥናት አይባልም፤ ቅቤዬም ከገበያ ስለተገዛ ሙዝ ይሁን ምን እንደተቀላቀለበት እግዜር ይወቀው። ቢሆንም ፀጉሩን አየሁት።

ውጤቱን ለእናቴ ስነግራት፣ «እና ይህን ለማወቅ የወደቀ ፀጉር ስትለቅሚ ከረምሽ?» አለችኝ። ከዚያ ሻሿን ፈታ ጀርባዋን ሰጠችኝ። የሷ ጣቶች ሹሩባ መፍታት አቁመዋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የምቀባት እኔ ነኝ። ለጋ ቅቤ ከአደስ ጋር፣ ጫፍ ጫፉን። ልማዴ ሆኖ እጄ ሳላስበው ወደ መስኮቱ ሄደ።

«ዝጊው» አለችኝ፤ «ብርድ ይመታኛል።»

ዘጋሁት።